የሹክሹክታ ቅኝት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንድ ራዲዮ እንዴት እንደደነቆረና ጆሮው እንዴት መልሶ እንደተከፈተ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ፣ ሠራተኛ ሠፈር ውስጥ ነው። እኔ ያን ጊዜ አፍላ ልጅ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሙያ እማራለሁ። «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ይቆማል። ከወለል እስከ ጣራ ግን ራዲዮ ነው፦ ፊሊፕሱ፣ ግሩንዲጉ፣ ቴሌፉንከኑ ተደራርቦ ተራውን ይጠብቃል። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ የሚቀበላችሁ የቀለጠ ቆርቆሮና የሞቀ ሰም ሽታ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የሻማ ሽታ ሲሸተኝ ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው ያቺ ሱቅ ናት።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ ውሎ፣ አመሻሹ ላይ አንዲት እናት ገቡ። ከኋላቸው አንድ ተሸካሚ በጋቢ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፏል። ጋቢው ሲገለጥ ፊሊፕስ ነው። የእንጨት ሣጥኑ በቅባት ታሽቶ ያበራል፤ ከፊቱ ጣቢያ ሲያገኝ የሚጠብ አረንጓዴ ዓይን አለው። ሰው እንዲህ የሚንከባከበው ዕቃ ታሪክ እንዳለው ያስታውቃል።

«እንደምን ዋልክ ወንድሜ፤ ራዲዮኔ ታሞብኛል» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ፤ ይቀመጡ እስቲ። ምን ሆነ?»

«ድምፁስ አልጠፋም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፌ ላይ ተኮልኩሎ ያዳመጠበት ራዲዮ ነው። አሁን ግን የአዲስ አበባው ራሱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ሆነብኝ። የጀርመኑ ደግሞ ጭራሹን የለም።»

ጋሼ የጀርባውን ክዳን ፈትተው ወደ ውስጥ አጎነበሱ። ብዙ አልቆዩም፤ ቀና ብለው «ማን ነካው?» አሉ።

«ኧረ ማንም! የእህቴ ልጅ ብቻ ከፍቶ አቧራውን ጠረገልኝ። ደግሞ ውስጡ ያሉት ብሎኖች ላልተው አግኝቷቸው፣ ይባረክና፣ አንድ በአንድ ጥብቅ አድርጎ አሰራቸው።»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ያኔ ምን እንዳሳዘናቸው አልገባኝም ነበር። እትዬ ግን ቀጠሉ፦ «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሠርጋችን ዕለት የሰጠኝ ነው። የበኩር ልጄ ደግሞ ጀርመን አገር ነው ያለው፤ ደብዳቤው ከመጣ ከርሟል። የጀርመኑን ራዲዮ ስከፍት ልጄን አላገኘውም፤ ግን ያለበትን አገር እሰማለሁ።»

የጀርመን ድምፅ ራዲዮ በአማርኛ ማስተላለፍ የጀመረው መጋቢት 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጀምሮ ስንት ቤት፣ ስንት እናት እንደ እትዬ ያንን ሩቅ ድምፅ ስትጠብቅ እንዳመሸች የሚያውቅ የራዲዮ ጠጋኝ ብቻ ነው። የተበላሸ ራዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚናፍቀውን ሰው ስም ሳይጠራ አይወጣምና።

በማግስቱ ጋሼ ለለቅሶ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዱ። ሲወጡ አንድ ነገር አዘዙኝ፦ «ያረጁትን የወረቀት ኮንደንሰሮች ለውጥ፤ ብሎኖቹን ግን እንዳትነካ። ስመለስ አብረን እናየዋለን።»

ኮንደንሰሮቹን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ክፍሎች፣ ለወጥኩ። ሰማቸው ቀልጦ የፈሰሰ፣ ኤሌክትሪክ የሚያሾልኩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እጄ አላርፍ አለኝ። ካቻቢቴ አንስቼ ብሎኖቹን በጆሮዬ እየተከተልኩ ማዞር ጀመርኩ። የኢትዮጵያን ራዲዮ ከፍቼ አንዱን ብሎን ሳዞር ድምፁ ጨመረ፤ ሌላውን ሳዞር ይበልጥ ጨመረ። ከሰዓት በኋላ ራዲዮው ሠራተኛ ሠፈርን የሚያናውጥ ሆነ። እትዬ ሊጠይቁ ሲመጡ «ተሠርቷል እማማ» ብዬ አስረከብኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ ጋሼም ከለቅሶ ተመልሰዋል። «የአዲስ አበባው ጆሮ ይበጥሳል፤ እሱም ቢሆን ቀድሞ ከነበረበት ቁጥር አልፎ ነው የማገኘው። የጀርመኑ ግን እንደጠፋ ነው» አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሆነውን ሁሉ ለጋሼ ተናዘዝኩ። አልተቆጡኝም። እትዬን «ነገ እቤትዎ ድረስ እናመጣልዎታለን» ብለው ሸኙና ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ሁልጊዜ ተዘግቶ የማየውን ቁም ሣጥን ከፈቱ። «ዛሬ እዚሁ እናድራለን» አሉኝ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሱቁን ከውስጥ ቆለፍን።

ከቁም ሣጥኑ የወጣው ግራጫ የብረት ሣጥን ነበር። ፊቱ ላይ እንደ ሰዓት ገጽ ክብ የሆነ፣ በቁጥር የተሞላ መስኮትና ረጅም ቀስት አለው፤ ከሥሩ ሁለት ሦስት ቁልፎች ተደርድረዋል። ሲግናል ጄኔሬተር ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያንጓጓውን ጄኔሬተር እንዳታስቡ፤ ይህኛው ዝምተኛ ነው። ሥራው የራዲዮ ጣቢያ መሆን ነው። በፈለጋችሁት ፍሪኩዌንሲ፣ በፈለጋችሁት ጉልበት፣ አንዲት ወጥ ፉጨት የምታስተላልፍ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ጣቢያ ናት። ጋሼ አገር ለቆ ከሚወጣ አንድ ባለሙያ ነበር የገዙት።

ሁለቱንም፣ ራዲዮውንም ጄኔሬተሩንም፣ ከፍተው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። «ግማሽ ሰዓት ይሙቁ። ያልሞቀ ነገር ዛሬ የነገረህን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይክዳል» አሉኝ። በሆዳቸው ያሉት የመስታወት ቫልቮች እስኪሞቁ ድረስ የነገሩኝን እኔም ልንገራችሁ።

አየሩ ላይ ያለው ጣቢያ ብዙ ነው። አንዱ በ600፣ አንዱ በ873፣ አንዱ በ1400 ኪሎ ኸርዝ ይመጣል። ለእያንዳንዱ የራሱን ማጉያ እንሥራለት ቢባል ራዲዮው ጎተራ ያክል ነበር። ስለዚህ ዘዴ ተፈጠረለት። በሆዱ ኦሲሌተር የሚባል፣ የራሱን ሞገድ የሚያመነጭ ክፍል ይዟል። እናንተ ጣቢያ መፈለጊያውን ስታዞሩ ኦሲሌተሩም አብሮ ይዞራል፤ ሁልጊዜም ከምትፈልጉት ጣቢያ በአንድ ቋሚ መጠን ይበልጣል። በእትዬ ፊሊፕስ መጠኑ 452 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ራዲዮዎች 455 ናቸው። 873 ላይ ያለውን የኢትዮጵያን ራዲዮ ስታዳምጡ ኦሲሌተሩ 1325 ላይ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ልዩነታቸው ይወጣል፤ ከ1325 ላይ 873 ሲቀነስ 452። ወደ 600 ብትወርዱ ኦሲሌተሩ 1052 ላይ ይሆናል፤ ልዩነቱ ያው 452።

እንግዲህ ጣቢያው ከየትም ይምጣ ከየት፣ ደጃፉ ላይ 452 ይሆንና ይገባል። ከደጃፉ ወዲያ ያለው ቤት በሙሉ ለዚያች ለአንዲት ቁጥር የተቃኘ ነው። የሚቃኙት ደግሞ አይ ኤፍ ትራንስፎርመር የሚባሉ ሁለት የአሉሚኒየም ጣሳዎች ናቸው። በየጣሳው ውስጥ ሁለት ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ በየጥቅሉ መሐል ከብረት ዱቄት የተጋገረች ትንሽ ዘንግ አለች፤ በዘንጓ ጫፍ ላይ የብሎን ስንጥቅ አለ። ዘንጓ ወደ ውስጥ ስትገባ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ስትወጣ ቅኝቱ ይወጣል። የእትዬ የእህት ልጅ «ላልተው አገኘኋቸው» ያላቸው እነዚህን ነው። ክራር ላይ ያሉትን መቃኛዎች ሁሉ እስከ መጨረሻው የጠመዘዘ ልጅ አስቡ፤ ትዝታውም ባቲውም አምባሰሉም በአንድ ጊዜ ይሞታሉ።

ይህን ዘዴ ለዓለም ያበረከተው ኤድዊን አርምስትሮንግ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ የአሜሪካ ጦር የሲግናል ክፍል ሻምበል ሆኖ ፓሪስ ሳለ ነው የደረሰበት። ሉሲየን ሌቪ የሚባል ፈረንሳዊም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ስለነበር ለፈጠራው መብት ተከራክረውበታል። አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1923 ማሪዮን ማኪኒስን ሲያገባ የሠርግ ስጦታ ያደረገላት በዚሁ ዘዴ የሚሠራ፣ ከቦታ ቦታ ይዘውት የሚሄዱት ራዲዮ ነበር። በተከታዩ ዓመት አር ሲ ኤ የተባለው ኩባንያ ለገበያ ሲያወጣው የውስጡን ዋና ክፍል በሰም ሞልቶ አሽጎት ነበር፤ ማንም ከፍቶ እንዳይነካው። ጋሼ እዚህ ላይ ሲደርሱ የእትዬን ራዲዮ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይኸውልህ፣ ከመጀመሪያው የሠርግ ስጦታ ነበር» አሉ።

ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። ሥራው የሚጀመር መስሎኝ ካቻቢቴዬን አነሳሁ። ጋሼ ተቀበሉኝና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። በምትኩ የሰጡኝ ጫፉ እንደ ካቻቢቴ የተጠረበ ቀጭን የቀርከሃ እንጨት ነው። «ብረት ይዘህ ወደ ጥቅሉ ስትጠጋ ቅኝቱ በብረቱ ይለወጣል። አስተካከልኩ ብለህ ብረቱን ስታወጣ ቅኝቱም አብሮ ይወጣል። ዘንጓም ደረቅ ናት፤ በብረት ካስገደድካት እንደ ቆሎ ትሰበራለች፤ ምትክ የላትም።» ቀጥሎ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ እንድከት አዘዙኝ። በቫልቭ ራዲዮ ሆድ ውስጥ ከ200 ቮልት በላይ አለ፤ በሁለት እጅ ከነኩት መንገዱ በልብ በኩል ነው። ዛሬም የቫልቭ ራዲዮ ስነካ ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

አሁንም ሥራው አልተጀመረም። «ጄኔሬተሩስ እውነቱን ለመናገሩ ማን ምስክር ነው?» አሉ። ዕድሜ የጠገበ መሣሪያ ነው፤ ቀስቱ ከቁጥሩ ይሸሻል። ምስክር ያደረጉት ከከተማው ወጣ ብሎ ጌጃ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ራዲዮ ማሰራጫ ነው። ጌጃ የራዲዮ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ነው። የካቲት 1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ፣ ደርግ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ፣ ለአፍሪካና ለእስያ ያስተላልፍ የነበረው ከዚያው ነው። ማሰራጫ ጣቢያ ሞገዱን የሚጠብቅለት ክሪስታል አለው፤ 873 ካለ 873 ነው።

ጋሼ ከመደርደሪያው ደህና ራዲዮ አውርደው ጣቢያውን ያዙ። ከዚያ የጄኔሬተሩን ፉጨት አጥፍተው ባዶ ሞገዱን ብቻ ተዉና ቀስቱን ወደ 436 ከግማሽ አቅጣጫ በቀስታ ገፉት። ጄኔሬተር ከዋናው ሞገዱ ጋር እጥፉንም ስስ አድርጎ ያወጣል፤ የ436 ከግማሽ እጥፍ ደግሞ 873 ነው። ዜና አንባቢው እያነበበ ከበስተጀርባው ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ቀስቱ ሲቀርብ ፉጨቱ ወፈረ፤ ሲቀርብ እንደ ንብ ጎረነነ፤ ሲቀርብ እንደ በገና የታችኛው አውታር ሆነ፤ በመጨረሻ ዝም አለ። ሁለቱ ሞገዶች አንድ ሆነዋል። ጋሼ በእጅ መብራት አዩ፤ ቀስቱ 434 ከግማሽ ላይ ቆሟል። «ሁለት ይሸሻል። እንግዲህ 450 ሲል እኛ 452 ብለን እንሰማዋለን» አሉና በእርሳስ ምልክት አደረጉ። መለኪያውን ሳትለካ ሌላውን አትለካ የሚለውን ትምህርት ያገኘሁት ያን ሌሊት ነው።

ሥራው አሁን ተጀመረ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ የቴስተሩን፣ ሁለት ገመዶች ስፒከሩ ላይ አሰሩ፤ ፉጨቱ ሲጨምር የቴስተሩ ቀስት ይወጣል። የራዲዮውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈቱ፤ ኦሲሌተሩ እንዳይረብሽ ዝም አሰኙት። የጄኔሬተሩን ገመድ በትንሽ ኮንደንሰር በኩል ደጃፉ ላይ ከቆመው፣ ቀላቃዩ ከሚባለው ቫልቭ ጋር አገናኙ። መጀመሪያ ግን ምንም ብሎን ሳይነኩ የጄኔሬተሩን ቀስት ወዲያና ወዲህ አመላለሱ። ፉጨቱ ጎልቶ የተሰማው 470 አካባቢ ነበር።

«አየህ የሠራኸውን?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «አራቱን ብሎኖች እርስ በርሳቸው አስማምተሃል። ስምምነታቸው ግን በተሳሳተ ቦታ ነው።» የኢትዮጵያ ራዲዮ ከ873 አልፎ ወደ 890 ገደማ የተገኘው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የአጭር ሞገዱን መቃኛዎች ልጁ አጥብቆ እንደዘጋቸው ነበሩ፤ በአዲስ አበባው ጣቢያ እነሱን መቃኘት አይቻልም።

ቀጥሎ የነገሩኝ ግን ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ነው። ራዲዮ ብርቱ ጣቢያ ሲመጣበት ራሱን ዝቅ ያደርጋል። አጠገቡ ሰው ሲጮህበት ጆሮውን እንደሚሸፍን ሰው፣ የውስጡን ማጉያ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ይህ ባይኖር ኖሮ ከሩቅ ጣቢያ ወደ ቅርብ ስትሻገሩ ስፒከሩ በጮኸባችሁ ነበር። ለአድማጭ በረከት ነው፤ ለቃኚ ግን መጋረጃ ነው። በብርቱ ሞገድ ስትቃኙት በትክክል የተቃኘውም በግማሽ የተቃኘውም አንድ ዓይነት ይጮኻሉ። ጌጃ ቅርብ ነው፤ ማሰራጫው ጉልበተኛ ነው። እኔ የፈተንኩት በጩኸት ነበር፤ በጩኸት ደግሞ ደንቆሮም ይሰማል።

«ስለዚህ ሹክ በለው» አሉ ጋሼ። የጄኔሬተሩን ጉልበት መቀነሻ ቁልፍ አዞሩ፣ አዞሩ፣ ፉጨቱ ከስፒከሩ ሹሹታ ሥር ሊሰጥም ጥቂት እስኪቀረው። ቀስቱን የእርሳሱ ምልክት ላይ፣ ማለትም እውነተኛው 452 ላይ፣ ሲያቆሙት ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። «ይሰማሃል?» «አይ ጋሼ።» «ጠጋ በል።» ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። አለ። ከዝናቡ ድምፅ፣ ከሹሹታው ሥር፣ እንደ ትንኝ ክንፍ የቀጠነ ፉጨት አለ።

ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ለስፒከሩ የሚቀርበው ጣሳ፣ ቀጥሎ ለደጃፉ የሚቀርበው። ቀርከሃውን በመጨረሻው ጣሳ ዘንግ ስንጥቅ ውስጥ አስገባሁ። የአንድ ሩብ ዙር ሩብ። ፉጨቱ ከሹሹታው ብቅ አለ። የቴስተሩ ቀስት ተነቃነቀ። ጥቂት ጨመርኩ፤ ቀስቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ። «አለፍከው። ጫፉን ያወቅኸው ስላለፍከው ነው፤ አሁን ተመለስ» አሉኝ። ተመለስኩ። ቀስቱ ጫፉ ላይ ሲቆም ጋሼ ወዲያው የጄኔሬተሩን ጉልበት ቀነሱ፤ ፉጨቱ እንደገና ወደ ሹሹታው ሰጠመ። ሁለተኛው ዘንግ፤ ወጣ፣ ቀነሱት። ሦስተኛው፤ ወጣ፣ ቀነሱት። አራተኛው፤ ወጣ፣ ቀነሱት። ራዲዮው በሰማ ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ዝቅ ብለው ያናግሩታል። አራቱን ጨርሰን ከመጀመሪያው ደገምን፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ትንሽ ይናጋልና። በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ራዲዮው የሚሰማው ፉጨት፣ ስንጀምር ይሰማል ብዬ ያልገመትኩት ነበር።

ከዚያ ወደ ኦሲሌተሩ አለፍን፤ ይህ ቁጥሮቹን ከጣቢያዎቹ ጋር የሚያስታርቀው ሥራ ነው። ጄኔሬተሩን 1500 ላይ፣ የራዲዮውንም ቀስት 1500 ላይ አድርጎ ትሪመር የሚባለውን ትንሽ ኮንደንሰር ማዞር፤ ቀጥሎ ሁለቱንም 600 ላይ አውርዶ የኦሲሌተሩን ዘንግ ማዞር። ላይኛውን ስታቀኑ ታችኛው ይዛነፋል፤ ታችኛውን ስታቀኑ ላይኛው። አራት ጊዜ ወጣን ወረድን፤ በአራተኛው ሁለቱም በቦታቸው ረጉ። በመጨረሻ የአንቴናውን መግቢያ ቃኘን።

አጭር ሞገድ ላይ ጋሼ አስጠነቀቁኝ። እዚያ አንድ ጣቢያ በሁለት ቦታ ይታያል። ኦሲሌተሩ ከጣቢያው በ452 ሲበልጥም፣ በ452 ሲያንስም ልዩነቱ ያው ነውና። 9600 ላይ ያለ ጣቢያ የራዲዮው ቀስት 8696 ላይ ሲደርስም ሊሰማ ይችላል፤ በመካከላቸው የ452 እጥፍ፣ 904 አለ። አንዱ ጣቢያው ነው፤ ሌላው ጥላው ነው። ጥላውን ጣቢያ ብሎ የቃኘ ሰው ራዲዮውን በሙሉ ለጥላ ይቃኘዋል። እንዴት ይለያል? ሁለቱንም ፈልጎ ማግኘትና ከቁጥራቸው ማስላት ነው፤ በአንዱ ተደስቶ መቆም የለም። እኛም ፈልገን ሁለቱንም አገኘን፤ እውነተኛውን ይዘን ቃኘን።

ዶሮ ሲጮህ ጋሼ ሻማ ለኩሰው በየዘንጓ አናት ላይ አንድ አንድ ጠብታ ሰም አንጠባጠቡ። ዘንጎቹ በመንገድ ንቅናቄ እንዳይዞሩ ይይዛቸዋል፤ ደግሞም ለሚቀጥለው ጠጋኝ «ይህ ተቃኝቷል» የሚል መልእክት ነው።

ያ ጄኔሬተር ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ የጋሼ የእርሳስ ምልክት አሁንም 450 ላይ አለ። ከአያት ከአባት የተረፈ ራዲዮ ቤታችሁ ካለ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። አቧራውን ጥረጉ፤ ሽቦው ያረጀ ከሆነ ባለሙያ ሳያየው ሶኬት ላይ አትሰኩት። ጣሳዎቹ አናት ላይ ያሉትን ብሎኖች ግን አትንኩ። የላሉ ቢመስሏችሁም አትንኩ። ብዙ ጊዜ ያረጀ ራዲዮ ድምፁ የሚደክመው በኮንደንሰርና በቫልቭ ነው፤ ቅኝቱ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ሳይናጋ ሊቆይ ይችላል። የሚያናጋው ብዙ ጊዜ መልካም አሳቢ እጅ ነው።

የእትዬን ነገር ግን አልጨረስኩላችሁም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ራዲዮውን በዚያው ጋቢ ጠቅልለን እቤታቸው ወሰድን። ቡና እየተፈላ ነው። ያ የእህታቸው ልጅ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም። ጋሼ ጠሩትና የጀርባውን ክዳን ከፍተው የሰሙን ጠብታዎች አሳዩት። «ብሎኖቹ የላሉ አልነበሩም፣ ልጄ፤ የተቃኙ ነበሩ» አሉት። ልጁ አቀረቀረ። ጋሼ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ይህም ልጅ ተሳስቶ ነው የተማረው» ብለው ወደ እኔ አመለከቱ።

የአንቴናውን ሽቦ በመስኮት አውጥተን ከቆጡ ጋር አሰርን። የስርጭቱ ሰዓት ሲደርስ እትዬ ራሳቸው ጣቢያ መፈለጊያውን ያዙ። ቁጥሩን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ቀስቱ እዚያው ቁጥር ላይ ሲደርስ አረንጓዴው ዓይን እንደ ድመት ዓይን ጠበበ፤ ከሹሹታው መሐል የአማርኛ ድምፅ ወጣ። ሩቅ ነው፤ ሞገዱ ይመጣል ይሄዳል፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ይለያል። ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች።

እኔ ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ድምፁን ከፍ ላደርግላቸው እጄን ሰደድኩ። እትዬ ያዙኝ። ራሳቸው ቁልፉን ወደ ታች መለሱት፤ እኔ ከቆምኩበት መስማት እስኪያቅተኝ ድረስ ዝቅ አደረጉት።

«እማማ፣ አሁን እኮ ጮክ ብሎ መናገር ይችላል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ዝቅ ሲል ነው ጠጋ የምለው።»

ነጠላቸውን ሰብስበው በርጩማቸውን ወደ ራዲዮው አስጠጉና ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ አደረጉ።